ታንኳውን ማን ቀዘፈው?

በታሪክ ፈተና ላይ «አድያም ሰገድ ኢያሱን ማን ገደለው?» የሚል ጥያቄ ቢወጣ ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ በአንድ ቃል ይመልሱታል፤ «ልጁ»። ማርኩንም ይወስዳሉ። እኔ ግን ለዚህ መልስ ግማሽ ማርክ እንኳ ይበዛበታል ባይ ነኝ። መልሱ ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ «በምን አወቅህ?» የሚል ጥያቄ ስለማይከተለው ነው። የሰው ደም የፈሰሰበትን ነገር በአንድ ቃል መመለስ የለመደ ልጅ፣ ነገ ስልኩ ላይ «እገሌን እነ እገሌ ገደሉት» የሚል ወሬ ሲደርሰው በዚያው ልማዱ ይቀበለዋል። የምከራከረው ስለዚህ ልማድ ነው። መንገዴ በአንዲት አየርላንዳዊት መነኩሲት በኩል ስለሚያልፍ ግን ትንሽ ታገሡኝ።

መነኩሲቷ ፊዴልማ ትባላለች። (ስሟ ከእኛው «ፊደል» ጋር መግጠሙ አማርኛ ለሚያስተምር ሰው ደስ ይላል፤ ዝምድና ግን የላቸውም።) የልቦለድ ሰው ናት። የፈጠራት ፒተር ትሬሜይን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው የኬልት ሕዝቦች ታሪክ አዋቂ ፒተር ቤረስፎርድ ኤሊስ ነው። ስለ እርሷ የጻፈው የመጀመሪያው ረጅም ልቦለድ በ1994 እ.ኤ.አ. ታተመ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ664 እ.ኤ.አ. ዛሬ እንግሊዝ በምንላት አገር፣ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ባለው በዊትቢ ገዳም ነው። ጉባኤው በእውነት የተደረገ ነው። የአየርላንድን ሥርዓት የያዙ መነኮሳትና የሮምን ሥርዓት የያዙ መነኮሳት በንጉሥ ኦስዊዩ ፊት ተከራከሩ። ክርክሩ ፋሲካ በየትኛው ቀን ይዋል፣ የመነኩሴ ጠጉርስ እንዴት ይላጭ የሚል ነበር።

ይህ ለደም የሚያበቃ ነገር ነው ወይ የሚል ተማሪ አይጠፋም። እኛም አገር በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅዳሜ እንደ እሑድ ትከበር ወይስ አትከበር በሚል መነኮሳት ተለያይተዋል፣ ተሰደዋል። ነገሩ የተቋጨው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። ቀን ትንሽ ነገር አይደለም። ቀን የሚቆጥረው ማን እንደሆነ የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

በልቦለዱ ውስጥ ክርክሩ ሊጀመር ሲል ከአየርላንድ ወገን ዋና ተናጋሪ የነበረችው የኪልዴር ገዳም እመምኔት ተገድላ ትገኛለች። ወዲያው አየርላንዶቹ «ሮማውያኑ ገደሏት» ይላሉ። ሮማውያኑም ጣታቸውን ወደ ሌላ ይቀስራሉ። ንጉሡ ጉባኤው ወደ ጦርነት እንዳይለወጥ ይሰጋል። ከዚያ የሚደረገው ነገር ነው እኔን የማረከኝ። ምርመራው ለአንድ ሰው አልተሰጠም። ከአየርላንድ ወገን በአገሯ ሕግ የተማረችው ፊዴልማ፣ ከሮም ወገን ደግሞ ኤዱልፍ የሚባል ሳክሰናዊ መነኩሴ አብረው እንዲመረምሩ ታዘዘ። እሷ የምታየውን እሱ ያያል፤ እሱ ሊያልፈው የሚፈልገውን እሷ አታሳልፈውም። በመጨረሻ የሚወጣውን ውጤት የትኛውም ወገን «የነእነሱ ሰው የፈጠረው ነው» ሊል አይችልም። ገዳዩን አልነግራችሁም፤ መጽሐፉን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ደራሲውን በሁሉም ነገር አላምነውም። የሚወደውን ዘመን ትንሽ አሳምሮታል። በልቦለዶቹ ውስጥ ያለችው አየርላንድ ሕጓ ፍጹም፣ ሴቶቿ ከወንዶች እኩል፣ ዳኞቿ ሁሉ ብሩህ ናቸው፤ የእውነቱ ሰባተኛ ክፍለ ዘመን እንዲህ የጸዳ አልነበረም። የእኛም ልጆች ስለ ጎንደር ጻፉ ቢባሉ ያሳምሩታል ብዬ እሰጋለሁ። ስጋቱ ግን ከመጻፍ የሚከለክል አይደለም።

አሁን ወደ ጣና እንሂድ። ርቀቱ እንደሚመስለው አይደለም። የአየርላንድ መነኮሳትም የእኛዎቹም የምንኩስናን መንገድ የተማሩት ከግብፅ በረሃ ነው፤ የአባ እንጦንስ ምስል በአየርላንድ ጥንታዊ የድንጋይ መስቀሎች ላይ ተቀርጿል። ሁለቱም ከሰው ለመራቅ ደሴትን መረጡ። እነዚያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በስኬሊግ ዐለት ላይ የድንጋይ ጎጆ ሠሩ። እነዚህ ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ጣና ቂርቆስን፣ ክብራን ገብርኤልን ያዙ። ደሴት ለጸሎት ይመቻል። እንደ አለመታደል ሆኖ ለነፍሰ ገዳይም ይመቻል፤ የሚጮህን ሰው የሚሰማ ጎረቤት የለምና።

አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በ1674 ዓ.ም. (1682 እ.ኤ.አ.) ነገሠ። ጎንደር ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠራ፣ ታላቁ የተባለ ንጉሥ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ጎንደር ድረስ መጥቶ አክሞታል። በንግሥናው መጨረሻ የሚወዳት እቁባቱ ቅድስተ ክርስቶስ ሞተችበት። ሐዘኑ ጸንቶበት ከቤተ መንግሥት ራቀና ጣና ውስጥ ካሉት ደሴቶች ወደ አንዱ ገብቶ ተቀመጠ። ንግሥት መለኮታዊትና ሹማምንቷ «ንጉሡ ዙፋኑን ትቷል» አሉ። በመጋቢት 1698 ዓ.ም. (1706 እ.ኤ.አ.) ልጇን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ኢያሱ ይህን ሰምቶ ሊዘምት ተነሣ፤ ነገር ግን ንዳድ ያዘውና ወደ ደሴቱ ተመለሰ። በጥቅምት 1699 ዓ.ም. እዚያው በሕመም ላይ እንዳለ በልጁ ስም የተላኩ ሰዎች ደርሰው ገደሉት። ከመካከላቸው የንግሥቲቱ ወንድሞች እንደነበሩ ተጽፏል። ምጥራሃ በምትባል የጣና ደሴት ተቀበረ።

ተማሪው «ልጁ» ብሎ የሚመልሰው ይህ ነው። ፊዴልማ ከክፍላችን ኋለኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቢሆን ግን እጇን ታነሣ ነበር።

ትእዛዙ ከልጁ አፍ ወጣ ወይስ በልጁ ስም ከሌላ ሰው? ተክለ ሃይማኖት ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር፤ ዙሪያውን የእናቱ ዘመዶች ይዘውታል። በንጉሡ ሞት የሚጠቀመውስ ማን ነው? ንግሥቲቱ ትጠቀማለች። ሹማምንቱም ይጠቀማሉ፤ ኢያሱ ቢመለስ ልጁን ያነገሡበት እጃቸው ተረፈ ማለት አይቻልም። ቤተ ክህነቱም በዚያ ዘመን በተዋሕዶና በቅባት ተከፍሎ ነበር። ኢያሱ ከተዋሕዶ ጋር ቆሟል፤ በኋላ የነገሠው ወንድሙ ቴዎፍሎስ ወደ ቅባት አደላ። ታዲያ ከመነኮሳቱ መካከል በዚያች ጥቅምት ያልተከፋ አልነበረም ብሎ ማሰብ ኃጢአት ነው? አይመስለኝም። መጠየቅና መክሰስ ይለያያሉ።

ከዚያ ምስክሮቹን እንይ። ዜና መዋዕል የሚጽፈው የቤተ መንግሥት ሰው ነው፤ ብራናውን የሚያነበው የወቅቱ ንጉሥ ነው። ስለ ግድያው በሰፊው የጻፈው ሌላው ሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። ከግድያው 64 ዓመት አልፏል ማለት ነው። በዚያ ቀን የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ለብሩስ ሊነግረው ቢችል ዕድሜው 84 ይሆናል። መጽሐፉ የታተመው ደግሞ ከዚያም ሌላ 20 ዓመት ቆይቶ በ1790 ነው። ይህን ሒሳብ ሰባተኛ ክፍል ይሠራዋል። ከሒሳቡ በኋላ ብሩስን ወደ ቅርጫት መወርወር አያስፈልግም፤ ምን ያህል ርቀት ላይ ቆሞ እንደሚያወራ ማወቅ ብቻ ነው።

ስምም ምስክር ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ከፍርድ በላይ ይከብዳል። ሕዝቡ ተክለ ሃይማኖትን «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ጠራው፤ አባቱን የገደለ ነውና። ልጆቻችን ይህን ስም ከነቅጽሉ ይሸመድዱታል። ቅጽሉ ግን ውሳኔ ነው። ውሳኔውን የሸመደደ ልጅ መዝገቡን ከፍቶ ለማየት ምክንያት አይኖረውም።

የተከተለውም እንዲህ ነው። ተክለ ሃይማኖት በሰኔ 1700 ዓ.ም. (1708 እ.ኤ.አ.) በስለት ተወግቶ ሞተ። ነገሥታቱ ዘመዶቻቸውን ከሚያግዙበት ከወህኒ አምባ ወርዶ የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ነገሠ። ቴዎፍሎስ ንግሥት መለኮታዊትን በስቅላት አስቀጣ፤ ወንድሞቿንም አስገደለ። ወንድሙም ቅዱስ እንዲባል አደረገ። ያ ቅጣት ተገቢ ነበር የሚል ይኖራል፤ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ የሟቹ ዙፋን ወራሽም አንድ ሰው መሆኑን አስተውሉ። በዊትቢ እንዳለው ሁለተኛ መርማሪ ከወዲያኛው ወገን አልቆመም። ከ1706 እስከ 1721 እ.ኤ.አ. ባሉት 15 ዓመታት ተክለ ሃይማኖት፣ ቴዎፍሎስ፣ ዮስጦስና ዳዊት ተከታትለው ነግሠው አለፉ። ደም ደምን እየጠራ ጎንደር ዕረፍት አጣች።

ይህን ታሪክ በክፍል ሳወራ አንድ ልጅ ያነሣው ጥያቄ እዚህ ሀርጌሳ ካልሆነ በቀር የትም የሚነሣ አይመስለኝም። «ቲቸር፣ ለንጉሥ ማጉ ስንት ግመል ነው?» ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን ትክክል ነበር። እዚህ ያደገ ልጅ ሰው ሲሞት የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው በሔር እንደሚነጋገሩ፣ ለወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50 የሚባለውን የቆየ ልክ ያውቃል። የፊዴልማ አገርም እንዲሁ ነበር። በጥንቱ የአየርላንድ ሕግ የአንድ ነጻ ሰው ደም ሰባት ኩማል ነበር፤ ይህም በከብት ሲቆጠር 21 ላም ነው። ገዳዩ መክፈል ካልቻለ ዘመዶቹ ይከፍላሉ። በእኛም ዘንድ አማራው ደም ያደርቃል፤ ኦሮሞው ጉማ ያወጣል። በረሃ ይሁን ደጋ፣ ግመል ይሁን ላም፣ ሰው ሁሉ ያወቀው አንድ ነገር አለ። ደም ሳይዘጋ ከዋለ ሌላ ደም ይከተላል።

ለዚህ ሥርዓት ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። የምንኖርባት ከተማ ሰላሟን ያገኘችው ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለተነጋገሩ ነው። ሆኖም ማግ የሚመልሰው ጥያቄ «የማን ልጅ ነው?» የሚለውን ነው። የምርመራ ታሪክ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «እሱ ራሱ ማን ነው?» ይላል። ጎሣ ካሳ ሊከፍል ይችላል። ቢላዋ የሚጨብጠው ግን የአንድ ሰው እጅ ነው። ሁለቱን ጥያቄ የሚያምታታ ልጅ አንድ ሰው ያደረገውን ለሺህ ሰው ይሰጠዋል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የእኛ አባቶችም መልስ ነበራቸው፤ እንዲያውም ሁለት። አንደኛው አውጫጭኝ ነው፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ። ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ካልታወቀ አገሬው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ይምላል። እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም። የሚያውቅ ሰው የበቀል ፍርሃት ካለበት በስሙ ሳይሆን «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ በሽማግሌ በኩል ያሳውቃል። አድካሚ ነው፣ ሥራ ያስፈታል፤ የእርሻ ወቅት ላይ ከዋለ ደግሞ ቤተሰብ ያስርባል። ግን መጠየቅ ነው፣ ማድመጥ ነው።

ሁለተኛው ሌባ ሻይ ነው። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል። ልጁ ሰክሮ እየተንደረደረ ይሮጣል፤ ሰዉም ይከተለዋል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ማስረጃ የለ፣ ምስክር የለ። ሥርዓቱ ቀርቷል፤ መቅረቱም ደግ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ አለመቅረቱ ነው። ስልካችን ሌባ ሻይ ሆኗል። ከአገር ቤት የግድያ ዜና ሲመጣ፣ ሰክሮ የሚሮጠው ቪዲዮ በማን ደጃፍ እንደወደቀ አይተን የዚያን ቤት ሰዎች ሁሉ ገዳይ እናደርጋቸዋለን። በዚህ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ከአማራም፣ ከኦሮሞም፣ ከሶማሌም፣ ከትግራይም፣ ከጉራጌም ቤት የመጡ ናቸው። ጠዋት ሰልፍ ላይ አብረው ዘምረው፣ በዕረፍት ሰዓት በአንድ የውኃ ጠርሙስ ጠጥተው፣ ማታ ቤታቸው የሚሰሙት ወሬ ግን የተለያየ ነው። በማግሥቱ ወንበር የሚቀያየሩበት ቀን አለ። ወላጆች ይህን አላያችሁትም ይሆናል፤ እኛ መምህራን እናየዋለን።

የግድያ ታሪክ ለልጅ ይነገራል ወይ የሚል ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። ቃየልና አቤልን፣ በሌላው ቤት ቃቢልና ሃቢልን፣ ልጆቻችን ከመዋለ ሕፃናት ጀምረው ሰምተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ወንድማማቾች ታሪክ የግድያ ታሪክ ነው። ገዳምን ከደም ጋር ማንሣት ነውር ነው የሚልም አለ። እኔ ደግሞ ገዳም የሚከበረው ክፉ ሰው ስለማይረግጠው ሳይሆን፣ ክፉ ነገር ሲደረግበት ዝም ስለማይል ነው ባይ ነኝ። የኢያሱንም ሥጋ በክብር ያሳረፉት የደሴቶቹ ገዳማውያን ናቸው። ሦስተኛው ተቃውሞ የባልደረቦቼ ነው፤ ክፍለ ጊዜ የለም፣ ፈተናው የሚወጣው ከመማሪያ መጽሐፉ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የምለምነው በዓመት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ከላይ ያለውን ታሪክ ያውራ። ከዚያ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት ያድርጋቸው፤ ጥንዶቹ የቤታቸው ቋንቋ የማይገጥም ይሁኑ። ይህን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ፊዴልማንና ኤዱልፍን አስታውሱ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ገጽ ያንብብልን። ማን ገደለ የሚለውን አንጠይቃቸውም። ምን እናውቃለን፣ ከማን ሰማነው፣ የነገረን ሰው የት ቆሞ ነበር፣ ያልተጠየቀስ ማን ነው፤ ይበቃል።

ያልተጠየቀ ሰው የሚለውን አንድ ምሳሌ ልስጥ። ንጉሡ የነበረው ደሴት ላይ ነው። ገዳዮቹ በፈረስ አልደረሱበትም። በጣና ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ታንኳ አለ፤ በዚህ ሥራ የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ታንኳ ጠባብ ነው፣ ብዙ ሰው አይችልም፤ ነፋሱንና ውኃውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እንግዲህ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አንድ ቀን ወደ ዳር ወረዱ፤ የሆነ ሰው አሻገራቸው። ሲሄዱ ምን እንደተባባሉ ሰምቷል። ሲመለሱ ፊታቸውን አይቷል። በክፍል ውስጥ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ንግሥቲቱና ስለ ልጁ ብዙ ተብሏል፤ ስለዚህ ሰው አንድም ቃል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

የሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ሦስት ገጽ ለተማሪ ልቦለድ ይሰጠኝ ብዬ አዘጋጆቹን ጠይቄያለሁ። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ማንኛውም ተማሪ መሳተፍ ይችላል፤ ሁለት ሆኖ መጻፍ ይመረጣል። ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን፤ በእጅ የተጻፈም እንቀበላለን። ርእሱ ቀዛፊው ነው። እስከ ጥር መጨረሻ በመምህራን ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጡልኝ።